አማቴን ሰው በላ ያደረገችው ፊደል

ቢቸና ባቡር ገብቶ አያውቅም። ይህን ለመናገር የታሪክ አስተማሪ መሆን አያስፈልግም፤ መናኸሪያው በር ላይ ቆሞ ግራ ቀኙን ማየት ይበቃል። እኔ ግን አስገባሁት። አስገብቼም ዝም አላልሁ፤ ቲኬት ቆራጭ ቀጠርሁለት። ቲኬት ቆራጯ ደግሞ ሰው መብላት ጀመረች። ከዚያ ወዲያ የደረሰብኝን ልንገራችሁና ፍረዱኝ።

የነገሩ ጠንሳሽ ጓደኛዬ ዳዊት ነው። ዳዊት ባሕር ዳር ተቀምጦ የስልክ አፕ ይሠራል። አብረን ስንማር ሁለት አንድ ዓይነት ካልሲ ማግኘት የማይችል ሰው ነበር፤ ዛሬ የሱ ሥራ በስንቱ ስልክ ላይ ተቀምጧል። አንድ ቀን ደወለልኝና፣ "የምርጫ ታሪክ ጻፍልኝ" አለኝ።

"እኔ ፖለቲካ ውስጥ የለሁበትም" አልሁ፣ የሚሰማን ካለ እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

"ኧረ አይደለም! አንባቢው የሚመርጥበት ታሪክ ነው የምልህ። ትንሽ ያነብና ታሪኩ ቆም ይላል። 'በሩን ትከፍታለህ? ወይስ ትሸሻለህ?' ብሎ ይጠይቀዋል። የነካው መልስ ወደ ሌላ ገጽ ይወስደዋል፤ እዚያም ሌላ ምርጫ ይጠብቀዋል። ታሪኩ ደግሞ ያልሆነ ታሪክ ይሁን። ድሮ ነገሩ እንዲህ ባይሆንና እንዲያ ቢሆን ኖሮ የሚል። ያስፈራ እንጂ፣ በደንብ ያስፈራ!"

"ያልሆነ ታሪክ ከየት አመጣልሃለሁ?"

"ታሪክ አስተማሪ አይደለህ? የምታውቀውን ትንሽ ማጣመም ነው።"

ማጣመሙንስ ተማሪዎቼ በየፈተናው ይሠሩልኛል ልለው ነበር። ግን ስልኩን ሊዘጋ ሲል፣ "በል እንግዲህ ደራሲው፣ በርታ" አለኝ። ደራሲው! በዚች ቃል ተያዝሁ። የእኛ አገር ሰው በገንዘብ ላይታለል ይችላል፤ በማዕረግ ግን አንድ ጣት ቢጎትቱት ሙሉ ሰውነቱ ይከተላል።

ጻፍሁ። በአያቶቻችን ዘመን የባቡር ሐዲዱ ወደ ምሥራቅ መሄዱን ትቶ ወደ እኛ ታጠፈ። ዓባይን ተሻገረ፣ ደጀንን አለፈ፣ ቢቸና ገባ፤ ቀጥሎ ያለው ጣቢያ ሞጣ ሆነ። እስከዚህ ድረስ ያልሆነው ታሪክ ነው። አስፈሪው ከዚህ ይጀምራል፦ ከቢቸና የተሳፈረ ሰው ሞጣ ሲደርስ ወደ ከተማዋ አይገባም። በሞጣ ጣቢያ፣ በትንሿ የቲኬት መስኮት ውስጥ፣ አንዲት ከሞተች የቆየች ሴት ተቀምጣለች። ቲኬትህን ልትቀበል እጇን ትዘረጋለች። ቲኬቱን ትተዋለች፣ እጅህን ትይዛለች። "ና ልጄ፣ አትፈር። በሞቴ!" ትልሃለች። ከዚያ በመስኮቷ ስባ አስገብታ ትበላሃለች። የሞተች ሴት "በሞቴ" ስትል መሐላዋ እውነት አይደለም? በዚች አባባል ራሴን ስንት ጊዜ እንዳደነቅሁ አትጠይቁኝ።

ስም ሳወጣላት ደግሞ የቅኔ አገር ልጅነቴ መጣብኝ። በልታ በልታ የማትጠግብ ናትና "አትጠግብ" አልኋት።

ሰው ማስፈራት ማለት ሰው መግደል ብቻ ይመስለኝ ስለነበር፣ የትኛውንም ምርጫ ብትመርጡ መጨረሻችሁ የሴትዮዋ አፍ ነበር። ዳዊት ቢጨቀጭቀኝ አንዲት በሕይወት መውጫ መንገድ ጻፍሁ፤ ከባቡሩ ዘሎ ደብረ ወርቅ ቤተ ክርስቲያን ግቢ የተሸሸገ ሰው ይድናል። ዳዊት ግን ገጾቹን ሲያያይዝ ተሳስቶ ይችን መዳኛ መልሶ ከቲኬቱ መስኮት ጋር አያያዛት። ወደ ቤተ ክርስቲያን የሸሸውም ተበላ። ይህን ያወቅነው ዘግይተን ነው።

አፑ በወጣ በሳምንቱ ቢቸና ውስጥ ያልተበላ ሰው ጠፋ። አንድ ቀን የትምህርት ቤታችን ዳይሬክተር ወደ ቢሯቸው አስጠሩኝ። በሩን ዘጉ። ከክፍል የቀረሁበት ቀን ሁሉ በዓይነ ሕሊናዬ ተሰለፈ።

"ስማ" አሉኝ ወደ ፊት ጠጋ ብለው። "በፊት በር ወረድሁ፣ በላችኝ። በኋላ በር ወረድሁ፣ በላችኝ። ቲኬት የለኝም ብላት 'ግድ የለም ልጄ' ብላ በላችኝ። እሺ ይሁን፣ ከነጭራሹ አልሳፈርም፣ ቤቴ እቀራለሁ ብዬ መረጥሁ። ምን አደረግህ?"

"ባቡሩ ቤትዎ ድረስ መጣ" አልሁ አቀርቅሬ።

"ቤቴ ድረስ! ሐዲድ በሌለበት! ይህ ሲሆን እኔ የዞን ስብሰባ ላይ ነኝ፤ ሳላስበው 'ወይኔ!' ብዬ ጮህሁ። ሪፖርት የሚያቀርበው ሰውዬ ቁጥሩ ያስደነገጠኝ መስሎት ሪፖርቱን ማስተባበል ጀመረ።"

ሻይ ቤት ስገባ ደግሞ ሌላ ችሎት ይጠብቀኛል። ጡረታ የወጡ አንድ አዛውንት በከዘራቸው አስቆሙኝና፣ "ሙታን ሰው መብላታቸውን ልመንህ። ባቡር ቢቸና ገባ ብለህ መጻፍህ ግን ትንሽ አያሳፍርህም?" አሉኝ። የሞጣ ሾፌሮችም ተቆጥተዋል። "የቢቸና ሰው ይሳፈራል፣ የሞጣ ሰው ይበላል፤ ሞጣን ሰው በላ ማለትህ ነው?" አሉኝ። እኔም ይህን ሁሉ ሙግት እንደ ዝና ቆጥሬ ደረቴን ነፍቼ እሄድ ነበር። የኔዋ ዝና ግን ሌላ ናት፤ እሷም ደወለች።

የዝና እጮኛዬ ናት። ሞጣ ውስጥ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። ሽማግሌ ልኬ፣ ሽማግሌዎቹ የመጨረሻውን መልስ ሊቀበሉ ለእሑድ ተቀጥረው ነበር።

"እናቴ ምን አድርጋህ ነው?" አለችኝ፤ ደህና ዋልህ የለ፣ ምን የለ።

"እናትሽ? ምንም! እናትሽንማ እወዳቸዋለሁ!"

"ታዲያ ለምን ሰው በላ አደረግሃት?"

"ማን? እኔ?"

"የእናቴ ስም ማን ነው?"

ዋይ! የእናቷ ስም ወይዘሮ አትጠገብ ነው።

"የዝና፣ ስሚኝ! የኔዋ 'አትጠግብ' ናት! በሳድሱ ግ! የእናትሽ በግዕዙ ገ ነው! የኔዋ በልታ የማትጠግብ፣ እናትሽ ደግሞ ታይተው የማይጠገቡ! የሰማይና የምድር ያህል ነው እኮ ልዩነቱ!"

"ገበያ ውስጥ ማን ፊደል ይቆጥራል? ዛሬ ጠዋት ከእናቴ ጨርቅ ልትገዛ የመጣች ሴት፣ እናቴ መለኪያውን ልታቀብላት እጇን ብትዘረጋ 'በስመ ሥላሴ' ብላ ወደ ኋላ ሸሸች። እሺ፣ ስሙ ይቅር። 'ና ልጄ፣ አትፈር፣ በሞቴ' የምትለውስ? ይህን የምትል ሴት የት ነው የምታውቀው?"

መጀመሪያ ቤታቸው የሄድሁ ቀን ትዝ አለኝ። ወይዘሮ አትጠገብ በላዬ ላይ ቆመው፣ ጉርሻ በእጃቸው፣ "ና ልጄ፣ አትፈር፣ በሞቴ!" እያሉ ትንፋሽ እስኪያጥረኝ ያጎረሱኝ ቀን። ለካ ያችን መሐላ የፈጠርኋት እኔ አይደለሁም። ከነእጃቸው፣ ከነድምፃቸው፣ ከሆዴ ያወጣኋት ናት።

"እናቴ ሽማግሌዎቹ አይምጡ ብላለች" አለች የዝና። ድምጿ ዝቅ አለ፤ ከቁጣዋ ይልቅ ይሄ አስፈራኝ። "ራስህ ና። እኔ ምን ብዬ እንደምከራከርልህ አላውቅም።"

ወደ የኔታ ሮጥሁ። የኔታ ጎረቤቴ ናቸው፤ ደብረ ወርቅ ቅኔ ተምረው ቢቸና ቅኔ የሚያስተምሩ አዋቂ። ስልክ ስለሌላቸው በቢቸና ያልተበሉ ብቸኛው ሰው እሳቸው ሳይሆኑ አይቀሩም። ነገሩን ከነፊደሉ ነገርኋቸው። በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

"ይችማ ፊደል አታስቀጣህም፣ ታስወድስሃለች" አሉኝ። "በሰምና ወርቅ ፈትቼ አወጣሃለሁ። ተነሥ።"

መናኸሪያው ደረስን። የሚኒባሱ ረዳት፣ ጢሙን ያጎፈረ ጎልማሳ ነው፣ "ሞጣ! ሞጣ! ሞጣ የሚበላ ግባ!" እያለ ይጣራል። ሰው ይስቃል።

"ምን አለ?" አሉ የኔታ።

"ሁለት ሰው ጎድሎታል ነው የሚለው፣ የኔታ።"

ገባን። ከፊታችን የተቀመጠች ሴት ስልኳን አውጥታ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታነባለች። ገና ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር የኔ መሆኑን አወቅሁና አንገቴን በጃኬቴ ውስጥ ቀበርሁ። ሴትየዋ ምርጫ ላይ ስትደርስ ወደ ተሳፋሪው ዞር ትላለች። "ልውረድ ወይስ ልቀመጥ?" ሚኒባሱ ለሁለት ተከፈለ። ሾፌሩ ሳይቀር ድምፅ ሰጠ። መጀመሪያ የኔታ ዝም ብለው ወደ ውጭ ያዩ ነበር። ደብረ ወርቅ ስንቃረብ ግን ተቁነጠነጡ፤ የታሪኩ ሰው ወደ ተማሩበት ደብር እየሸሸ ነው።

"ዝለይ ልጄ!" አሉ ከወንበራቸው ተነሥተው። "ቤተ ክርስቲያን ግቢ ግቢ! እዚያ ማን ይነካሻል?"

ሴትየዋ ምርጫውን ነካች። ተበላች።

"ከቤተ መቅደስ ደጅ?" አሉ የኔታ። "የደብሩን አጥር ተማፅና የገባችውን? ይሄ ግፍ ነው!" ከዚያ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። የሄድሁት ከጠበቃ ጋር ነበር፤ ሞጣ የደረስሁት ግን ከከሳሽ ጋር ነው።

ሞጣ ቤታቸው ስንገባ ወይዘሮ አትጠገብ መካከል ላይ ተቀምጠዋል፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ ስልክ ይዘው። ግራና ቀኛቸው ሁለት የጎረቤት ሴቶች አሉ። የዝና በሩ አጠገብ ቆማለች፤ ዓይኔን አየችና መሬት መሬት አየች። አባቷ አያ ደሴ ጥግ ላይ የራሳቸውን ስልክ ይዘው አቀርቅረዋል። አያ ደሴ በተፈጥሯቸው ዝምተኛ ናቸው፤ በትዳር ዘመናቸው ለመናገር ፋታ ያገኙም አይመስሉም።

"ተቀመጡ የኔታ" አሉ ወይዘሮ አትጠገብ። "አንተም ተቀመጥ። አልበላህም።"

የጎረቤት ሴቶች አፋቸውን ያዙ። እኔም ከየኔታ ኋላ ተቀመጥሁ።

የኔታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ወይዘሮ አትጠገብ፣ ይህ ልጅ ሳያውቅ ቅኔ የጻፈ ነው። ሰሙ፣ በልታ የማትጠግብ ቲኬት ቆራጭ። ወርቁ ግን እርስዎ ነዎት፤ አይተው የማይጠግቡዎት፣ ቀርበው የማይጠግቡዎት። ሰው ሁሉ በባቡር እየተጋፋ ወደ እርስዎ የሚመጣው፣ መጥቶም የማይመለሰው ለምን ይመስልዎታል? ስለማይጠገቡ!"

የአማቴ ፊት ፈታ አለ። "እስቲ ይድገሙልኝ" አሉ። የኔታ ደገሙ። የዝና ከበሩ ፈቀቅ አለች። ዳንሁ አልሁ በልቤ።

"ነገር ግን" አሉ የኔታ፣ የሚኒባሱ ነገር ትዝ ብሏቸው፣ "ያችን ምስኪን ከደብረ ወርቅ ደጅ ማስበላቱ ግፍ ነው! እዚህ ላይ አልከራከርለትም!"

"እንዴ የኔታ!" አልሁ።

"እኔንም እዚያው በላችኝ" አለች አንደኛዋ ጎረቤት። "የቤተ ክርስቲያኑ ቃጭል ሲሰማኝ ዳንሁ ብዬ ነበር።"

"እኔንማ ስንት ጊዜ!" አለች ሌላዋ።

ወይዘሮ አትጠገብ እጃቸውን አነሡ። መነጽራቸውን አወለቁ።

"እኔን ያቃጠለኝ ስሙ አይደለም" አሉኝ። "ስም ይመሳሰላል። 'በሞቴ' ማለቷም አይደለም። የኔ ነው፣ ሰርቀሃል፤ ይሁን፣ በሞቴ ማለት የኔ ብቻ አይደለም። ያቃጠለኝ ሌላ ነው። ይቺ ሴት ስንት ዘመን እዚያች መስኮት ውስጥ ተቀምጣለች?"

"ባቡሩ ከገባ ጀምሮ፣ እትዬ።"

"ይሄ ሁሉ መንገደኛ ስንቁን ቋጥሮ በፊቷ ሲያልፍ፣ አንድ ሰው 'እንብላ' ብሏታል?"

የጻፍሁትን ሁሉ በሐሳቤ ገለበጥሁት። የሚሸሽ አለ፣ የሚጮህ አለ፣ የሚዘል አለ። እንብላ ያለ የለም።

"አላላትም" አልሁ።

"ታዲያ ምን ትብላ?"

ወይዘሮ አትጠገብ ስልካቸውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ።

"እኔ የዝናን አዝዬ ነው ገበያ መሬት ላይ ጨርቅ መሸጥ የጀመርሁት" አሉ፣ አሁን ድምፃቸው ለእኔ ብቻ ይመስል ነበር። "ሰው መጥቶ ጨርቁን ይጎትታል፣ ዋጋውን ይጎትታል። ፊቴን የሚያይ አልነበረም። አንድ ገበያ ቀን አጠገቤ ቅቤ ልትሸጥ የመጣች የገጠር ሴት ዳቦዋን ፈታ 'እንብላ' አለችኝ። ብሉ፣ ይባርክ አልኋት፤ እምቢ አለች፣ በግድ ቆርሳ ሰጠችኝ። ስሟን አላውቀውም። እስከ ዛሬ ግን ቤቴ የመጣን ሰው 'በሞቴ' የምለው ከዚያ ቀን የተነሣ ነው። አንተ ያችን ቃል ወስደህ ሰው አስበላህበት።"

"ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እትዬ" አልሁ። ከልቤ ነበር።

"ይቅርታውን ተወው፣ አስተካክለው። ስልክህን አውጣ።"

ችሎቱ በዚያች ቅጽበት ተለወጠ። ስልኬን አውጥቼ መጻፍ ጀመርሁ፤ እሳቸው እየነገሩኝ። ተሳፋሪው መስኮቱ ጋ ይደርሳል። እጇ ይዘረጋል። ያኔ አዲስ ምርጫ ይመጣል፦ "ትሸሻለህ? ትጮሃለህ? ወይስ ስንቅህን ፈትተህ 'እንብላ' ትላታለህ?"

"ወዲያው አትበላም" አሉ ወይዘሮ አትጠገብ። "ጨዋ ልጅ ናት። 'ብሉ፣ ይባርክ' ትላለች።"

"ተሳፋሪው ይለምናት" አለች ጎረቤታቸው።

"ስንቁ ምንድን ነው?" አሉ የኔታ። "ዳቦ ነው ወይስ ቆሎ?" ለሰዓት ያህል ዳቦ ወይስ ቆሎ በሚል ተከራከሩ። ሲጨርሱ ዳቦም ቆሎም ሆነ።

"ከበላች በኋላስ?" አልሁ።

"ከበላች በኋላ ትተኛለች" አለች የዝና ከኋላዬ። መቼ እንደተጠጋችኝ አላወቅሁም፤ እጇ ትከሻዬ ላይ ነበር። "ስንት ዘመን ያልተኛች ሴት አይደለች?"

እናትየዋ ልጃቸውን አዩና ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ይህን አይተው የኔታም ጠረጉ። እኔማ ደራሲ ነኝ፤ ከሁሉም ቀድሜ ጠርጌ ጨርሻለሁ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ግን ደራሲነት ተላላፊ በሽታ ነው። ወይዘሮ አትጠገብ ለሴትየዋ የወርቅ ሐብል ይሁንላት አሉ፤ አደረግሁላት። የሞጣ ጣቢያ ፎቅ ይሁን አሉ፤ ፎቅ አደረግሁት። የቢቸናውስ ብላቸው፣ "እሱማ ቆርቆሮ ይበቃዋል" አሉ። ቢቸና የተወለድሁባት ከተማ ናት፤ አጥንቴ የጠነከረው በውሃዋ ነው። ቆርቆሮ ብዬ ጻፍሁ። የዝና ትከሻዬ ላይ የነበረውን እጇን አላነሣችም፤ ለሱ ሲባል ሣር ክዳንም ቢሉኝ እጽፍ ነበር።

ለዳዊት ላክሁለት። "ይሄን ማን ጻፈው?" ብሎ ደወለልኝ። "ያንተ አይመስልም፤ ጥሩ ነው።" ይህን በድምፅ ማጉያ ሁሉም ሰማ።

"እንግዲህ ሽማግሌዎቹ እሑድ ይምጡ" አሉ ወይዘሮ አትጠገብ። ከዚያ ወደ ጓዳ ገቡ። ሲመለሱ የያዙትን ትሪ አይተው የኔታ መቋሚያቸውን ያዙ። ያን ቀን በዚያ ቤት ጠገብሁ የሚል ቃል ከማንም አፍ ሊወጣ አልቻለም፤ እኔ አንድ ጊዜ ልል ሞክሬ የቃሉ ግማሽ ላይ ጉርሻ ደረሰብኝ።

ስንወጣ አያ ደሴ እስከ ውጭው በር ሸኙን። የኔታ ቀድመው አለፉ። አያ ደሴ እጅጌዬን ያዙኝና ወደ ኋላቸው ተገላምጠው ቤቱን አዩ። ቀኑን ሙሉ ያልተናገሩት ሰው ጠጋ ብለው በጆሮዬ አንሾካሾኩ።

"ልጄ፣ ያ ጓደኛህ አዲሱን ሲልክ በኔ ስልክ ላይ እንዳይገባ አድርግልኝ እስቲ።"

"ለምን አያ ደሴ? በአዲሱ እኮ ይድናሉ።"

"አሮጌዋ ትሻለኛለች" አሉ። "እሷ ቢያንስ ጠግቤያለሁ ስላት አትከራከረኝም፤ ዝም ብላ ትበላኛለች።"